ዓባይን ላላዩ ልጆች የትኛውን ዘፈን ከነክሊፑ ልላክ?

ባለ ሚሞሪው (ባሕር ዳር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ሙዚቃ ቤት አለችኝ። መጀመሪያ ካሴት እሸጥ ነበር፣ ቀጥሎ ሲዲ፣ አሁን ሚሞሪና ፍላሽ ላይ እጭናለሁ። ሰው ሁሉ ዘፈን የሚጠይቀው እኔን ነው፤ ዛሬ ግን ጠያቂው እኔ ነኝ።

ታላቅ እህቴ ውጭ አገር ከሄደች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስምንትና አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆች አሏት፤ ጣናን በዓይናቸው አላዩም። ባለፈው ሳምንት ደወለችና «ዓባይንና ጣናን የሚያሳይ ዘፈን መርጠህ ከነክሊፑ ላክልኝ፣ እናታቸው የት እንዳደገች ይዩ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ አራት ምሽት ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ፤ አንድም መምረጥ አቃተኝ።

እኔና እሷ የዓባይን ዘፈን ያወቅነው በጆሮ ነው። የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን፣ «ዓባይ» ማለቴ ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ ሽምብጥ የነበረው ቤታችን የገባው በ1994 ክረምት ነው። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዘጌ ቡናና ጌሾ በሞተር ጀልባ ያመላልስ ነበር። ጂጂ የቻግኒ ልጅ መሆኗን ሲሰማ ጊዜ «የአገራችን ልጅ ናት» ብሎ ካሴቱን ገዛ፤ ቴፑን ከነድንጋዩ ጀልባው ላይ ይዞ ይወጣል። እርጥበቱ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ክሩ ቴፑ ውስጥ ተጠቀለለ። አባቴ ሊጥለው ነበር። እህቴ ተቀበለችውና በጥፍሯ ቀስ እያለች እየሳበች አወጣችው። የተጨማደደውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በነጠላዋ ጫፍ አሸችው፣ ከዚያ በቢክ ስክሪብቶ አጠነጠነችው። ካሴቱ ዳነ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዓባይ» መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁ አንዴ ይሰጥማል፣ እንደታፈነ ይቆይና ተመልሶ ይወጣል። ዛሬ ንጹሑን ኮፒ ስሰማም እዚያች ቦታ ላይ ጆሮዬ ያንን መስጠም ይጠብቃል። ዝም ብሎ ሲያልፍ ቅር ይለኛል።

ዘፈኑን ስሰማ የሚታየኝ ዓባይ ደግሞ ፏፏቴው አይደለም። ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበት፣ ጫራጫራ አካባቢ ያለው ነው። ማለዳ እዚያ የቆመ ያውቀዋል፤ ውኃው ይሂድ ይቁም አይለይም። ደንገል ቀንጥሰህ ስትጥልበት ነው ጉዞ መጀመሩን የምታየው።

ክሊፖቹን ስከፍት ግን ሁሉም ጢስ ዓባይ ናቸው። ጭሱ፣ ቀስተ ደመናው፣ ድንጋይ ላይ የቆሙ ነጭ ለባሽ ተወዛዋዦች፣ ከላይ በድሮን የተነሳው ገደል። ያምራል። የእህቴ ሰፈር ግን አይደለም። እኛ ጢስ ዓባይን ያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ከትምህርት ቤት ጋር ሄደን።

እና ምን ትመክሩኛላችሁ? ድምፁን ብቻ ልላክ? ልጆቹ ያለ ምስል ዘፈን አይሰሙም ትላለች። ወይስ ሐይቁን እንደኛ የሚያሳይ ክሊፕ የምታውቁ አላችሁ?

ካሜራ ያዡ፦

ወንድም ዓለም፣ ክሊፕ እቀርጻለሁና ምክንያቱን ልንገርህ። ሁሉም የሚያዘን ፏፏቴውን ነው። «ዓባይ» የሚል ቃል ግጥሙ ውስጥ ካለ ጢስ ዓባይ ካልሄድን ሥራው የተሠራ አይመስላቸውም። እሱም ቢሆን እንደ ድሮው በፈለግከው ወር አይገኝም። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው ያ የጂጂ አልበም በወጣበት ዓመት ነው፤ ውኃው ከፏፏቴው በላይ እየተጠለፈ ወደ ተርባይን ይገባል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ተመርቆ ከሐይቁ ራሱ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መውሰድ ጀመረ። በበጋ አንድ ቡድን ይዤ ሄጄ ባዶ ጥቁር ድንጋይ ፊት ቆመን ተመልሰናል። አሁን ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ካልሆነ ሥራ አልቀበልም። ስለዚህ ክሊፖቹ ላይ የምታየው ያ ሁሉ ጭስ የሁለት ሦስት ወር መልክ ነው።

አንተ የምትለውን ጸጥ ያለ ውኃ ለመቅረጽ ከፍሎ የላከኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ብላክ ደስ ይለኝ ነበር።

እማማ ፈታይ፦

ልጄ፣ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ፈትል ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። አስናቀች ወርቁን በሬዲዮ ብቻ ስሰማት ኖሬ በቴሌቪዥን ያየኋት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። የተዋጣላት የመድረክ ተዋናይ መሆኗን ሰው ሲያወራ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን የማውቃት በድምጿና በክራሯ ነበር። ባየኋት ቀን ልክ እንዳንተ ፈርቼ ነበር፣ በልቤ የያዝኳትን ሴት ታጠፋብኛለች ብዬ። አላጠፋችም። ለምን ብትለኝ፣ ካሜራው ጣቶቿ ላይ ቆየ። ክራሩን ስትነካው፣ አንዱን ጅማት ለቅቃ ሌላውን ስታፍን አየሁ። በሬዲዮ ስሰማው የኖርኩት ያ እፍን የሚል ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ያን ቀን ገባኝ። እኛም ክር ሲበጠስ በጣታችን ነበር የምንቀጥለው፣ ጣት የሚያውቀውን አውቃለሁ።

ስለዚህ ምስል አትጥላ። የማይመለከተው ምስል ነው የሚያበላሸው። ዘፈኑ የወጣበትን እጅ ወይም የወጣበትን ቦታ የሚያሳይ ከሆነ ላክላቸው። ከሌለ ደግሞ ስልክ የለህም? ውኃው ደጅህ ነው።

ኤርፎን አይለየኝ፦

እኔ በዚህ አልስማማም፣ ድምፁን ብቻ ላክ። በዚያ አልበም ላይ የጃዝ ሙዚቀኞቹ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮአ ሳንደርስ ተጫውተዋል፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ከክሊፕ ጋር ሲሰማ ግማሹ ይጠፋል። ትልቁ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ከሆነ ጥሩ ኤርፎን አድርጉለትና ጨለማ ክፍል ውስጥ ይስማው። «ባለ ዋሽንቱ»ንም ጨምርበት፣ እዚያው አልበም ላይ አለ። ትንሹ ካልተመቸው እስክስታ ላክለት፣ ትከሻው ራሱ ይማራል።

ባለ ሚሞሪው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ እርስዎ ያሉትን አደረግኩ።

ቅዳሜ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሄጄ ስልኬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ ቀረጽኩ፤ እጄን አላስነካሁትም። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነው። ቀጥሎ እንጨት የጫነ ታንኳ ከግራ ይገባል፣ ቀዛፊው ቁጢጥ ብሏል፣ ቀርቅሃውን ሲያነሳ የሚንጠባጠበው ውኃ ሳይቀር ይታያል። ሁለት ይብራዎች ያልፋሉ። ከዚያ አንድ የደንገል ቁራጭ ይመጣና ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እሷን እኔ አልጣልኳትም፣ ራሷ መጣች።

ኤርፎን አይለየኝ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ከሥሩ ያስገባሁት ንጹሑን ኮፒ አይደለም። አሮጌው ካሴት ሱቄ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ለሽያጭ አውጥቼው አላውቅም። የድሮውን ቴፕ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ከነመስጠሙ ቀዳሁት። ለእህቴ ምንም ሳልነግራት ላክሁላት። ንጹሑንም ለብቻው ጨምሬያለሁ።

ትናንት ማታ ደወለች። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ትንሹ ልጅ «ሴትዮዋን እዚህ ጋ ምን ነካት?» ብሎ ጠይቋታል። ስለ ክሩና ስለ ስክሪብቶው ስትነግረው አልገባውም፤ ካሴት አይቶ አያውቅም፣ ስክሪብቶ ዘፈንን እንዴት ያድናል ብሎ ሲከራከራት አመሸ። ካሴቱን ፎቶ አንስቼ እንድልክ ታዝዣለሁ። ፎቶ ምን ያደርጋል፤ ነገ ክሩን ትንሽ ሳብ አድርጌ ቢኩን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ ሳጠነጥን እቀርጽለታለሁ።