ለሁለት እባብ ስንት አይጥ ይበቃል? ቤት ውስጥ ማራባት ፈልጌ ነበር

ልስልስ ቅርፊት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኮርን ስኔክ የሚባሉ፣ መርዝ የሌላቸው ሁለት እባቦች አሉኝ። ትልቋ አድጋ ጨርሳለች፤ በ10 ወይም በ14 ቀን አንዴ አንድ ሙሉ አይጥ ትውጣለች። ትንሹ ገና እያደገ ነው። ለእሱ በሳምንት አንድ ጸጉር የጀመረ ግልገል ይበቃዋል።

እስካሁን በረዶ የሠራ አይጥ እየገዛሁ ነው የማበላቸው። የሚያማርረኝ ነገር መጠኑ ነው። ትልቁ ሲገኝ ትንሹ የለም፣ ትንሹ ሲገኝ ትልቁ አልቋል። በመጨረሻ ለምን ራሴ አላረባም ብዬ ተነሳሁ።

አንድ ትርፍ ክፍል አለኝ። ግን ከመኝታ ቤቴ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ሽታው ያስፈራኛል። አሮጌ የመስታወት አኳሪየምም አለኝ፤ እሱ ይሆናል? በስንት አይጥ ልጀምር? እናቶቹ ልጆቻቸውን ይበላሉ የሚባለውስ እውነት ነው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ስሸሻት ነበር ግን ልጠይቅ። ደርሰው ለእባብ ሲሆኑ እንዴት ነው የሚገደሉት? በሕይወት ብሰጣትስ?

ዝም ያለ ጭራ፦

ኧረ ተዪው። ለሁለት እባብ ብሎ አይጥ ማርባት ትርፉ ድካም ነው። አነስ ያለ ፍሪዘር ፈልጊና ስታገኚ ከየመጠኑ በብዛት ግዢ። በደንብ ታሽጎ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል። ፍሪዘር አይሸትም፣ አይነክስም፣ ሌሊት መሮጫ ጎማ ላይ ወጥቶ አይሮጥም። በቃ።

የጓዳ ጠባቂ፦

ከላይ የተባለው እውነት አለው፤ ግን ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነው። እኔ ለዓመታት ሳረባ ኖሬያለሁ፣ የማውቀውን ልበል። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

እህቴ፣ አይጥ እንድትወልድ ማድረግ ምንም አይከብድም። የሚከብደው ማስቆሙ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ትልቋ በወር ሁለት ወይ ሦስት ትበላለች። ትንሹ አራት ወይ አምስት። ስምንት ብንል አንሳሳትም። አንዲት አይጥ ከ19 እስከ 21 ቀን ታረግዛለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ትወልዳለች። ወንዱ አጠገቧ ካለ ደግሞ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ታረግዛለች። አንዱን ዙር እያጠባች ሌላውን ተሸክማ ማለት ነው። አንድ ወንድና ሁለት ሴት አስቀምጠሽ ዝም ካልሽ በየወሩ የሚያስፈልግሽን እጥፍ ታገኛለሽ። ጡት የጣሉትን በጊዜ ካልለየሽ እነሱም ይጨመሩበታል።

ስለዚህ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ይበቃሻል፣ ይተርፍሻልም። ታዲያ ለምን አንድ ሴት አይበቃኝም እንዳትዪኝ። ሁለት ሴቶች አንድ ጎጆ ሠርተው ልጆቻቸውን ያቀላቅላሉ፤ የአንዷን ሌላዋ ታጠባለች። አንዷ ብትታመም ግልገሎቹ አይሞቱም። ሴት ብቻዋን ከምትሆን ጓደኛ ቢኖራት ለራሷም ይሻላታል። ሁለት ያደጉ ወንዶች ግን አንድ ሳጥን ውስጥ እንዳታስገቢ። ወንድማማች ናቸው ብለሽም አትታለይ፤ አንዴ ከተለያዩ በኋላ ብትመልሻቸው ይቦጫጨቃሉ።

አኳሪየሙን እርሺው። አራቱም ጎኑ ድፍን ስለሆነ አየር የሚገባው ከላይ ብቻ ነው። ከሽንታቸው የሚወጣው አሞኒያ ታች እነሱ የሚተኙበት ይታፈናል። አንቺ ከላይ ሆነሽ ሲሸትሽ እነሱ ሲተነፍሱት ውለው አድረዋል። አይጥ ደግሞ ደካማ ጎኗ ሳንባዋ ነው። ማስነጠስ ትጀምራለች፣ ጆሮሽን ስታስጠጊ ትንፋሿ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። እንደዛ ያለችውን ከማራባት አውጫት።

የሚሻለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ክዳኑንና አንድ ጎኑን ሰፋ አድርገሽ ቁረጪና በወንፊት ሽቦ ሸፍኚው። የሽቦው ቀዳዳ ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ እርሳስ በሚያልፍበት ቀዳዳ ታዳጊ አይጥ ትሾልካለች። ሽቦውን ከውስጥ በኩል አስሪው፣ የተቆረጠው የፕላስቲክ ጠርዝ እንዳይጋለጥ። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ይቆረጥማሉ። ለስላሳው ግድግዳ ላይ ጥርሳቸው አይዝም። ጠርዝ ካገኙ ግን ሌሊቱን ሲፍቁ ያድራሉ።

ሥሩ የሚነጠፈውን በተመለከተ የጥድና መዓዛ ያላቸውን እንጨቶች ሰጋቱራ አትጠቀሚ። መዓዛው ለእኛ ደስ ይላል እንጂ ዘይቱ ለሳንባና ለጉበታቸው አይሆንም። አስፐን የሚባለው ዛፍ ፍቅፋቂ ወይም አቧራ የሌለው የወረቀት ምንጣፍ ይሁን። ለጎጆ መሥሪያ ቀለምና ሽቶ የሌለው ሶፍት በረጅሙ ቀዳደሽ ስጫቸው። ያቺን ሶፍት ፈትለው፣ ጠቅልለው፣ ከላይ ክዳን ያለው ክብ ጎጆ ሲያደርጓት ማየት ነው። እኔ እስካሁን አልሰለቸኝም።

ስለ ሽታው እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሸታል። አብዛኛው የወንዱ ነው። ግዛቴ ለማለት በየደረሰበት ጠብ ጠብ ያደርጋል። ሰዎች ሽታው ሲያስመርራቸው በየሁለት ቀኑ ሁሉንም ገልብጠው ያጥባሉ። ይሄ ያባብሰዋል። ወንዱ ግዛቱ የጠፋ ይመስለውና እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ የማደርገው የሚሸኑበትን ጥግ ብቻ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ሙሉውን በሳምንት አንዴ እቀይራለሁ፣ ያኔም ያልረጠበውን የጎጆ ክፍል ለይቼ እመልስላቸዋለሁ። አዲስ ግልገል ካለ ጭራሽ አልነካም፤ ጥቂት ቀን ይሽተት።

ምግባቸው የላብራቶሪ አይጥ መኖ የሚባለው ድፍን እንክብል ይሁን። ፕሮቲኑ ከ16 በመቶ በታች እንዳይሆን፤ ለምታጠባ እናት ከፍ ያለ ይሻላል። የተደባለቀ ጥራጥሬ ከሰጠሻቸው ሱፉን ብቻ ለቅመው ሌላውን ይተዉታል። አይጧ የበላችውን ነው እባብሽ የምትበላው።

ልጆቻቸውን ይበላሉ ወይ? አዎ፣ ይበላሉ። በተለይ የመጀመሪያ ወሊድ ላይ። ግን ሁልጊዜ ምክንያት አለው። ሞቶ የተወለደውን ይበሉታል፣ እሱ ጽዳት ነው። ሌላው ብዙ ጊዜ ከውኃ ነው የሚመጣው። የውኃ ጠርሙሱ ጫፍ ምንጣፉን ከነካ ውኃው ሁሉ ፈስሶ ያልቃል፤ ሳጥኑ ይረጥባል፣ እናቲቱ ትጠማለች፣ ወተቷ ይደርቃል። የምታጠባ አይጥ ያለ ውኃ አትቆይም። በየቀኑ የጠርሙሱ ጫፍ ላይ ያለችውን ኳስ በጣትሽ ነካ አድርገሽ ውኃው ጠብ ማለቱን እዪ። ሙሉ ስለሆነ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም።

በተወለዱ ማግስት ከቻልሽ ቀስ ብለሽ ጎጆውን ገለጥ አድርገሽ ተመልከቺ። ፒንኪ የምንላቸው ያኔ ናቸው፤ ጸጉር የላቸውም፣ ዓይንና ጆሯቸው ዝግ ነው። ቆዳቸው ስስ ከመሆኑ የተነሳ ሆዳቸው ላይ በግራ በኩል ነጭ ነገር ይታያል። እሱ የጠቡት ወተት ነው። ነጩ ካለ እናታቸው እየሠራች ነው፣ ክዳኑን መልሰሽ ሂጂ። ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ነጩ ከማንኛቸውም ላይ ካልታየ መጀመሪያ ውኃውን ፈትሺ።

ከዚያ በፍጥነት ነው የሚያድጉት። በ5ኛው ቀን አካባቢ ቆዳቸው መጥቆርና ጸጉር ማብቀል ይጀምራል፤ ነጭ ዘር ከሆኑ ግን ጥቁረቱ አይታይም። በ9 እና በ10 ቀን ሴቶቹን ሆዳቸው ላይ ባሉት የጡት ነጥቦች ትለያቸዋለሽ። ጸጉሩ ከበዛ በኋላ ነጥቦቹ ይሸፈናሉ፣ ስለዚህ ያን ጊዜ እንዳያመልጥሽ። በ2 ሳምንት ዓይናቸው ይከፈታል፤ ክዳን ስትከፍቺ እየዘለሉ ሊያመልጡ የሚሞክሩት ያኔ ነው። በ21 ቀን ጡት ይጥላሉ። ወንድና ሴቱን ያኔውኑ ለዪ፤ ሴቶቹ በ6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ቀደም ብለው ያረግዛሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግርሽ፣ ወደ መጠኑ። ለትንሹ እባብ ከየወሊዱ የሚያስፈልግሽን ያህል በሳምንታቸው ታነሺና ከተገደሉ በኋላ ታቀዘቅዣለሽ። የቀሩትን ለትልቋ ታሳድጊያለሽ። ፍሪዘርሽ ውስጥ የጥቂት ወር ስንቅ ሲኖር ወንዱን አውጥተሽ ለብቻው አስቀምጪው። ዓመቱን ሙሉ ማዋለድ ማን አዘዘሽ? ግን ልብ በይ፣ ወንዱ ስለወጣ ወዲያው አያቆሙም። በወለዱ ማግስት አርግዘው ሊሆን ስለሚችል አንድ ዙር ይቀራል። የምታጠባ ስትሆን ደግሞ ጽንሱ ስለሚዘገይ ከ21 ቀን አልፎ ስትወልድ አትገረሚ። ስትመልሺም ያንኑ ወንድ መልሺ። ገና ማርገዝ በጀመረች ሴት አጠገብ እንግዳ ወንድ ካስገባሽ ጽንሱ ሊቋረጥ ይችላል። ሽታው ብቻ ይበቃል።

አገዳደሉን ለሚያውቀው ልተው። እኔ ባለሙያ ቆሞ አሳይቶኝ ነው የምሠራው፣ በጽሑፍ አላስተምርም።

ነጭ ጓንት፦

የምሠራው የምርምር እንስሳት በሚያዙበት ቤት ነው። ስለ አገዳደሉ እኔ ልመልስ።

መጀመሪያ የማይደረገውን ልናገር። በሕይወት ያለ አይጥ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። በረዶ ዝም ብሎ የሚያስተኛ ይመስላል፣ ግን ስቃይ ነው። ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅሎ ጋዝ መሥራትም ይቅር፤ ምን ያህል ጋዝ እንደወጣ ማወቅ አይቻልም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠቀም ሰው መቆጣጠሪያ ካለው ሲሊንደር ነው መጠቀም ያለበት። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የ2020 መመሪያ በየደቂቃው የሳጥኑን ይዘት ከ30 እስከ 70 በመቶ እንዲሞላ ይላል። ቀስ ብሎ የሚገባው አይጧ ሳትሰቃይ ራሷን እንድትስት ነው። አስቀድሞ በጋዝ የተሞላ ሳጥን ውስጥ መክተት አይፈቀድም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ፒንኪዎች ኦክስጅን ማጣትን በጣም ይቋቋማሉ። አንድ ትልቅ አይጥ በደቂቃዎች ስትሞት፣ አዲስ የተወለደ እስከ 50 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ሞተ ብለሽ ያወጣሽው መልሶ ይተነፍሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ መሞቱ በሌላ መንገድ መረጋገጥ አለበት።

የአንገት አጥንትን ከራስ ቅል ማለያየት ፈጣን ነው፣ ግን እጅ የለመደ ሰው ይፈልጋል። የእንስሳት ሐኪም ፈልጊና በዓይንሽ እዪ። ይህን ሳትማሪ አይጥ አትግዢ። ቅደም ተከተሉ እንደዚህ ነው መሆን ያለበት።

በሕይወት ስለመስጠት፦ ትልቋ እባብሽ በረዶ የሠራ መብላት ለምዳለች፣ ለምን ወደ ኋላ ትመልሺያታለሽ? ተይዛ ያለች አይጥ ትነክሳለች። ሳትበላት ሳጥኑ ውስጥ ያደረች አይጥ የእባብ ጀርባ እስከ አጥንቱ የበላችበትን አይቻለሁ። የቀዘቀዘውን ማታ ፍሪጅ ውስጥ ታሟሚዋለሽ። ከዚያ በላስቲክ አድርገሽ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ማይክሮዌቭ አይሆንም፤ ውስጡን ያበስለውና ይፈነዳል። ሳልሞኔላ በቅዝቃዜ አይሞትም፣ ስለዚህ ከምግባችሁ ዕቃ ጋር አይገናኝ። እጅ በሳሙና።

ሁለት ነገር ልጨምር። ከቤት ወይም ከደጅ የተያዘ አይጥ ለእባብም ለማርቢያም አታስገቢ፤ ጥገኛ ትል አለው፣ መርዝም በልቶ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ሳጥኑን እሷ አታጽዳ። አይጥ ኤል ሲ ኤም የሚባል ቫይረስ ልትይዝ ትችላለች፣ እሱ ለጽንስ አደገኛ ነው።

ልስልስ ቅርፊት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አኳሪየሙ ቀርቷል። መጀመሪያ ሐኪም ፈልጌ አገዳደሉን አያለሁ፤ ማየት ካቃተኝ ወደ ፍሪዘሩ ሐሳብ እመለሳለሁ። ዝም ያለ ጭራ፣ ያኔ ትስቅብኛለህ።

አንድ የቀረችኝ ነገር። ሁለቱን ሴቶች ቀድሜ ባመጣና ወንዱ በኋላ ቢመጣ ችግር አለው?

የጓዳ ጠባቂ፦

እንዲያውም ይሻላል። ሴቶቹ ብቻቸውን ሲከርሙ ወንድ የሚፈልጉበት ጊዜ ይዘገያል። የወንዱ ሽታ ሲመጣ አንድ ላይ ይነቃሉ፤ አብዛኞቹ በሦስተኛው ሌሊት አካባቢ ከወንዱ ጋር ይገናኛሉ። ስለዚህ ሁለቱ በተቀራረበ ቀን ይወልዱልሻል፣ ግልገሎቹም እኩያ ይሆናሉ።

ጭራቸውን ይዘሽ አታንሺያቸው፤ በኩባያ ወይም በካርቶን ቱቦ ውስጥ አስገብተሽ አዛውሪ። ወንዱን ያስገባሽበትን ቀን ሳጥኑ ላይ ጻፊ። ከዚያ 19ኛው ቀን ላይ ስትደርሺ ውኃና መኖ ሙሉ መሆኑን እዪና ክዳኑን መነካካት አቁሚ።