ሳክስፎኔን በምላስ ስለይ «ጠቅ» ይላል፤ ለቅዳሜ ሰርግ እባካችሁ ድረሱልኝ

ጠያቂ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦
ቅዳሜ ሰርግ ላይ እንጫወታለን። ፈጣኑን ክፍል በምላሴ እየለየሁ (እያንዳንዱን ኖታ በምላስ ንክኪ ለብቻው እየጀመርኩ) ልጫወት ስል ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት «ጠቅ» የሚል ነገር ይቀድማል፤ የታችኞቹ ኖታዎችም ወይ ጨርሶ አይወጡም፣ ወይ ወደ ላይ ዘለው ይጮኻሉ። አያይዤ ስጫወት ግን ምንም ችግር የለም። ሪዱ (መንፊያው ላይ የሚታሰረው፣ ሲነፋ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ) ስለሳሳ ይመስለኛልና ጠንካራ ሪድ ድሬዳዋ ውስጥ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ዛሬውኑ ንገሩኝ።

ክላሪኔት ተጫዋች (ሐረር)፦
ሪዱ ደርቆ ይሆናል። በድሬዳዋ ሙቀት ሪድ ቶሎ ይደርቅና ጫፉ ይሸበሸባል፤ ከመጫወትዎ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

የማርሽ ባንድ ጡረተኛ (ድሬዳዋ)፦
ልጄ፣ የዛሬ ወጣቶች ሁሉን ነገር ከዕቃው ትጠብቃላችሁ። ሪዱን የሚያርገበግበው ትንፋሽ ነው፤ ምላስ ድምፅ አይፈጥርም፣ ሪዱን ለቅጽበት ነክቶ ይለቃል እንጂ። መካከለኛውን ሶል ይዘህ በረጅሙ ንፋ፤ ትንፋሹ ሳይቋረጥ የምላስህን ጫፍ ወደ ሪዱ ጫፍ በቀስታ አስነካ። እኛ ስንማር «ጡ፣ ጡ» እያልን ነበር፤ አንተም እንዲሁ በል።

አልቶ ተጫዋች (ከዚራ)፦
አባታችን ስለ ትንፋሹ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ «ጡ» በሚለው ግን አልስማማም። ጠያቂው ጣትህን ማንቁርትህ ላይ አድርገህ «ጡ» ብትል ማንቁርትህ ሽቅብ ሲዘል ይሰማሃል፤ በዚያች ቅጽበት ጉሮሮ ተዘግቷል፣ ትንፋሹም ቆሟል። «ዱ» ስትል እንዲህ ያለ ዝላይ የለም። እንደ እኔ ግምት «ጠቅ» የሚለው ከታፈነ በኋላ በድንገት የሚፈነዳው ትንፋሽ ነው፤ የታችኞቹ ኖታዎች ደግሞ የማያቋርጥ ትንፋሽና የተከፈተ ጉሮሮ ስለሚፈልጉ ቀድመው ይበላሻሉ። መስታወት ፊት ቆመህ «ዱ፣ ዱ» እያልክ ተጫወት፤ አገጭህ ከተንቀሳቀሰ ምላስህ ከሚገባው በላይ እየሠራ ነው።

ሪዱን በተመለከተ፣ አያይዘህ ስትጫወት ደህና ከሆነ ሪዱ ምን አጠፋ? ጠንካራ ሪድ ብትገዛ የታችኞቹን ኖታዎች ይብስ ያከብድብሃል።

ክላሪኔት ተጫዋች (ሐረር)፦
እኔ አሁንም ውኃ ውስጥ ይንከሩት እላለሁ። ደረቅ ሪድ በምንም ዓይነት ምላስ አይታዘዝም።

ቴነር ተጫዋች (ድሬዳዋ)፦
ሁሉን ኖታ በምላስ መለየት የግድ ነው ያለው ማን ነው? ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ሲጫወት ስሰማ ልቤን የሚነካው፣ እንደ ሰው ድምፅ ተያይዞ የሚፈሰው ሐረግ ነው። ለቅዳሜ በፈጣኑ ክፍል ከየአራቱ ኖታ የመጀመሪያውን ብቻ በምላስ ጀምርና ሦስቱን አያይዛቸው፤ ምላስህ ያርፋል፣ ምቱም አይጠፋም። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገህ ጀምር፤ «ጠቅ» የሚለው ሳይጠፋ ግን ፍጥነት አትጨምር።

አልቶ ተጫዋች (ከዚራ)፦
በዚህ እስማማለሁ። የያዝከው አልቶ ሳክስፎን ከሆነ የጥንካሬ ቁጥሩ 2 ተኩል የሆነ ትርፍ ሪድ አለኝ፤ እስከ ዓርብ ማታ ከዚራ መጥተህ መውሰድ ትችላለህ። አልቶ ነው ቴነር?