ክርክር፦ ለምርምር ፕሮፖዛል አጻጻፍ ነጥብ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

የከዚራው፦

ጀማዓ እንዴት ናችሁ? ትናንት የተነሳው ነገር ተድበስብሶ እንዳይቀር ለብቻው አወጣሁት። አንዱ ወንድማችን «ገምጋሚ ሳይንሱን ይመዝን፤ አጻጻፉ የአርታኢ ሥራ ነው» ብሎ ነበር። እኔ አልስማማም። የምርምር ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮፖዛል በግልጽ ካልተጻፈ ነጥብ ይቀነስበት ባይ ነኝ። ገንዘቡ የሕዝብ ሲሆን ደግሞ የበለጠ።

ከራሳችን ከተማ ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ በበጋ ወባ ተነሳ። እኛ ወባን የምናውቃት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ነገሩ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ከምትባል ትንኝ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይቺ ትንኝ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ረግረግ አትጠብቅም። ሮቶና በርሜል ይበቃታል።

አሁን በዚህ ጉዳይ ገንዘብ የሚጠይቁ ሁለት ፕሮፖዛሎች መጡ እንበል። ሁለቱንም ለክርክሩ ብዬ እኔው ጽፌያቸዋለሁ።

አንደኛው፦ «በድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር የወባ ትንኝ መራቢያ ስፍራዎች ሥርጭት ላይ የሚደረግን ግምገማ መሠረት ያደረገ፣ ማኅበረሰብ አሳታፊ የሆነ የተቀናጀ የመከላከል ስልት ተግባራዊነት ይዳሰሳል።»

ሁለተኛው፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ 200 ቤቶችን በዕጣ እንመርጣለን። በ100ው ቤት ላሉት ሮቶዎችና በርሜሎች የወንፊት ክዳን እንገጥማለን፤ በቀሩት አንገጥምም። ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየሁለት ሳምንቱ እየሄዱ የትንኝ እጭ ይቆጥራሉ። ከስድስት ወር በኋላ ክዳኑ እጩን ቀንሶት እንደሆነ እናያለን።»

የመጀመሪያውን ደጋግማችሁ አንብቡት። ማን፣ የትኛው ሰፈር፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ይሠራል? የለም። ሁለተኛው ላይ ግን ወዲያው መከራከር ይቻላል። «ስድስት ወር ይበቃል? ክረምቱንም በጋውንም ይሸፍናል? ሰው ውኃ ሲቀዳ ክዳኑን ከፍቶ ቢተወውስ?» መገምገም ማለት ይሄ ነው። የመጀመሪያው ሊተች የማይችለው ስለጠነከረ አይደለም፤ የሚያዝ ነገር ስለሌለው ነው።

የላቦራቶሪዋ፦

ወንድሜ፣ ምሳሌህ ጥሩ ነው። ግን ሁለቱንም የጻፍካቸው በአማርኛ ነው፤ እሱ ላይ ነው የማልስማማው። ፕሮፖዛል የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ አካባቢ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፣ ሰፈሩ አማርኛ፣ ትምህርቱ እንግሊዝኛ የሆነ ስንት ተመራማሪ አለ? ማይክሮስኮፕ ላይ እጁ የተባረከ ልጅ ወረቀት ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ለአጻጻፍ ነጥብ አለ ካልክ፣ ውጭ ተምሮ የመጣውና የሚያርምለት ወዳጅ ያለው ሰው ገና ሳይጀመር ቀደመ ማለት ነው። እጭ የሚቆጥረው ልጅ ግን ወደቀ። ይሄ ፍትሕ አይደለም።

ደግሞ የሙያ ቃል ሁሉ ጥፋት አይደለም። የዘረመል ምርመራውን «ፒሲአር» ብዬ በአንድ ቃል የምጨርሰውን በአንድ አንቀጽ እንድተርከው ነው የምትፈልገው?

የከዚራው፦

ፒሲአርሽን ማን ይነካብሻል እህቴ! የሙያ ቃል ቦታው ላይ ሲውል ያሳጥራል። እኔ የምጣላው «የተቀናጀ»፣ «ዘላቂ»፣ «አሳታፊ» እየተባለ ምንም ሳይባል ከሚሞላው ገጽ ጋር ነው።

ቋንቋውን ያነሳሽው ግን እውነት ነው። መልስ ይፈልጋል።

ከጀጎል፦

እኔ ሐረር ላይ ጽሑፍ አርማለሁ፤ አልፎ አልፎ የፕሮፖዛል ሥራም ይመጣልኛል። ሁለታችሁም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አስራችኋል። የእንግሊዝኛ ትክክለኛነት ሌላ፣ ግልጽነት ሌላ። ሰዋስዉ ተሰባብሮ ሐሳቡ ጥርት ብሎ የሚታይ ጽሑፍ አርሜያለሁ። እሱ ቀላል ነው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የሚያስቸግረኝ እንግሊዝኛው ያማረ፣ ሐሳቡ የማይያዝ ነው። ያን ለማረም ባለቤቱን ደውዬ «ምን ልታደርግ ነው?» ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ብዙ ጊዜ ደግሞ በስልክ በአማርኛ ሲነግሩኝ ቁልጭ ያለ ነው። «እሱን ነው መጻፍ የነበረብህ» እላለሁ።

በብዛት የማየውን ልንገራችሁ። አንድን ነገር በየገጹ በተለያየ ስም መጥራት። ገጽ ሁለት ላይ «ቤት»፣ ገጽ አራት ላይ «አባወራ»፣ ገጽ ስድስት ላይ «ቤተሰብ»። ጸሐፊው ቃል ላለመደጋገም ብሎ ነው፤ ትምህርት ቤት እንደዚያ ተምረናል። ገምጋሚው ግን ሦስት የተለያዩ መለኪያዎች ይመስሉታል። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አባወራ ተከራይቶ አንድ ሮቶ ቢጋራ የናሙናው ቁጥር ተናጋ ማለት ነው። በሳይንስ ጽሑፍ ቃል መድገም ነውር የለበትም።

ሌላው «ይሰበሰባል»፣ «ይተነተናል»፣ «ይደረጋል» ነው። ማን ነው የሚሰበስበው? ባጀቱ ላይ የሁለት ሰው አበል ተይዟል፤ ጽሑፉ ላይ ሰው የለም።

መግቢያውን ደግሞ ተዉኝ። ስለ ድሬዳዋ ውኃ ለመጻፍ ከዓለም ሕዝብ ብዛት ይጀመርና አፍሪካን ዞሮ ድሬ የሚደርሰው ገጽ ሦስት ላይ ነው። ያኔ ገምጋሚው ደክሞታል።

ቀድሞ ገምጋሚ፦

ልጆች፣ አንድ ነገር ከውጭ ላምጣላችሁ። ኤንአይኤች በሚባለው የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም ግምገማ፣ አንድን ማመልከቻ በዝርዝር እንዲያነቡ የሚመደቡት ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰዎች ናቸው። ማመልከቻው ለውይይት ከቀረበ በኋላ ግን የጉባኤው አባላት በሙሉ ነጥብ ይሰጣሉ። ብዙዎቹ ሙሉውን በዝርዝር አላነበቡትም። ውይይቱን እየሰሙ፣ የዓላማውን ገጽ እያዩ ነው የሚወስኑት። የዓላማው ክፍል ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የዋነኛው ማመልከቻ የምርምር ዕቅድ ድሮ 25 ገጽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ 12 ሆኗል። ሥራው ለሕዝብ ጤና የሚሰጠው ጥቅም ደግሞ ተራ አንባቢ በሚገባው ቋንቋ፣ ከሦስት ባልበለጠ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል።

ስለዚህ የምትጽፉት ለሚያውቀው ሰው ብቻ አይደለም። ጎኑ ለተቀመጠውም ነው። የልብ ሐኪም ስለ ትንኝ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል።

የላቦራቶሪዋ፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ግን እርስዎ ያሉት ለእኔ ነው የሚያደላው። እዚያው ተቋም እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ወዲህ ግምገማው የሚያርፈው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ የጥናቱ አስፈላጊነት፣ የአሠራሩ ጥብቅነትና ተፈጻሚነት፣ የባለሙያዎቹና የተቋሙ አቅም። አጻጻፍ ራሱን ችሎ የለም። ትልቁ የምርምር ገንዘብ ሰጪ ያላደረገውን እኛ ለምን እናደርገዋለን?

ቀድሞ ገምጋሚ፦

ልክ ነሽ ልጄ፤ ለብቻው የለም። በተግባር ግን ያልገባኝን አሠራር «ተፈጻሚ ነው» ብዬ መፈረም አልችልም። ስለዚህ ያልተገለጸው እዚያው ሁለተኛው ላይ ነጥብ ያጣል። ደራሲው ግን ለምን እንዳጣ አይነገረውም። «አሠራሩ ደካማ ነው» የሚል አስተያየት ይደርሰውና የሚቀጥለው ዓመት አሠራሩን ይቀይራል፤ አጻጻፉን አይነካውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። በግልጽ ነጥብ ቢኖረው ቢያንስ ልጁ የት እንደወደቀ ያውቃል።

አዲሱ ማስተርስ፦

አቦ ይሄን ያህል ምን ያከራክራል? ቻትጂፒቲ አለ። ሐሳቤን እሰጠዋለሁ፣ አሳምሮ ይጽፈዋል። የእህታችን የፍትሕ ጥያቄም እዚያው ተፈታ።

ከጀጎል፦

ሰዋስዉን ያቃናልሃል፤ እሱን አልክድም። ሳቢያን ውስጥ ስንት ሮቶ እንዳለ፣ ክዳኑን ማን እንደሚገጥም ግን እሱ አያውቅም። ካልነገርከው «የተቀናጀ አሳታፊ ስልት» ብሎ ይመልስልሃል፤ የከዚራውን አንደኛ ምሳሌ ማለት ነው። ደግሞ ተጠንቀቅ። ኤንአይኤች እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 መጨረሻ ጀምሮ፣ በአብዛኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ማመልከቻ የአመልካቹ የራሱ ሐሳብ ነው ብሎ አይቀበልም። አንድ ዋና ተመራማሪ በዓመት ማስገባት የሚችለውንም በስድስት ገድቧል።

የሳቢያኗ እናት፦

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ልጄ ነው እዚህ ያስገባኝ። ስታወሩ የነበረው ስለ ቤቴ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰዎች ወረቀት ይዘው መጥተው በርሜሌን ከፍተው አይተዋል፣ ጠይቀውኛል። በጨዋ ደንብ ነው የተቀበልኳቸው። ምን እንደሚሠሩ ስጠይቅ ግን የነገሩኝ አልገባኝም። የፈረምኩትም ወረቀት አልገባኝም። የከዚራው ልጅ ሁለተኛ የጻፈውን ግን አንዴ አንብቤ ገባኝ። ያን ቢነግሩኝ ኖሮ፣ ውኃ በሦስት ቀን አንዴ ስትመጣ በርሜሉን ገጥሜ መያዝ እንደማልችል እነግራቸው ነበር። ልጆቹ በጣሳ እየከፈቱ ይቀዱበታል። ክዳኑ ቧንቧ ከሌለው አይሆንም።

የከዚራው፦

እማማ፣ እግዜር ይስጥልን። ይሄን አስተያየት ከየትኛውም ገምጋሚ አናገኘውም ነበር። የፕሮፖዛሌ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አሁኑኑ ይቀየራል፦ «ከታች ቧንቧ ያለው በርሜል ከነክዳኑ እንሰጣለን»። ባጀቱም ይጨምራል።

አቋሜን ላጥብበው። እህቴ ስለ እንግሊዝኛ ያለችውን እቀበላለሁ፤ ለሰዋስው ነጥብ አይሰጥ። የመጀመሪያው ገጽ ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ አመልካቹ በመረጠው ቋንቋ ይጻፍ። ከሙያው ውጭ ላለ አንድ ሰው ይሰጥና «ምን ሊሠሩ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። መመለስ ከቻለ ነጥቡ ሙሉ ነው።

የላቦራቶሪዋ፦

በራስ ቋንቋ መጻፉ ላይ እጄን አውጥቻለሁ። ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ያንብበው የሚለውም ጥሩ ነው። ነጥብ የሚለው ላይ ግን አሁንም አይደለሁም። ያ ገጽ ካልገባ ለአመልካቹ ይመለስለትና ሁለት ሳምንት ተሰጥቶት ያስተካክል፤ ከዚያ ሳይንሱ ይመዘን። በመጀመሪያው ዙር ነጥብ ከቀነስክበት፣ የእማማን አስተያየት ሰምቶ የማስተካከል ዕድል አንተ አገኘህ፣ እሱ አላገኘም።

ቀድሞ ገምጋሚ፦

ሁለት ሳምንቱን ማን ይከታተላል? ገምጋሚ በነፃ ነው የሚሠራው፤ ሁለቴ አንብብ ስትዪው እምቢ ይላል። እሱን መልሺልኝና ከአንቺ ጋር ነኝ።

የላቦራቶሪዋ፦

ገምጋሚው አያነበውም ጋሼ። ያ አንድ ገጽ ወደ ገምጋሚ ከመሄዱ በፊት የምርምር ቢሮው ነው የሚያስነብበው። ነገ ቢሮ ስገባ አንድ ሰው ለዚህ መመደብ ይችሉ እንደሆነ ጠይቄ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።