ሦስት ካላትራቫዎች፣ አንዲት የሰከንድ ክብ

ቀጠሮ አክባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ጄኔቫ ውስጥ ያገለገሉ ሰዓቶች በሚሸጡበት አንድ ትንሽ ሱቅ ሦስት ካላትራቫዎችን፣ ማለትም ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የስዊስ ሰዓት ሠሪ ድርጅት የሚሠራቸውን ክብ የእጅ ሰዓቶች፣ ጎን ለጎን የማየት ዕድል ገጠመኝ፤ በሞዴል ቁጥራቸው ልጥራቸውና፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን 3919፣ እርሱን የተካውን 5119 እና በ2021 የመጣውን 6119። ሦስቱም በእጅ የሚሞሉ ናቸው፤ ሦስቱም በመስታወቱ ዙሪያ ባለው የወርቅ ክፈፍ ላይ ክሉ ደ ፓሪ የሚባለው፣ ጥቃቅን ፒራሚዶች በተርታ የተደረደሩበት ቅርጽ አላቸው። ሆኖም መካከለኛው፣ 5119፣ ደጋግሜ ባየውም ዓይኔን አላሳረፈውም። ሻጩ መጠኑ ስላደገ እንደሆነ ነገረኝ፤ ነገር ግን 6119 ከእርሱም ይበልጣል፣ ይበልጥ የተስማማኝም እርሱ ነው። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ደግሞስ በአዲሱ ላይ የሮማን ቁጥሮቹ መቅረታቸው ሰዓቱን ሌላ ሰዓት አላደረገውም?

ሞላና ጥርስ፦
ሰዓት ጠጋኝ ነኝና በሙያዬ በኩል ልመልስልዎ። ዓይንዎ የያዘው የሰከንዷን ክብ ይመስለኛል። ከታች በኩል ያለችው ትንሽ የሰከንድ ቆጣሪ የምትተከለው ማሽኑ ውስጥ በሚዞር የአንድ ባለ ጥርስ ጎማ ዘንግ ላይ ነው፤ ዘንጉ ከመሃል ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነውም የማሽኑ አሠራር እንጂ ገጹን የነደፈው ሰው አይደለም። 3919 ውስጥ ያለው 215 ፒኤስ የተባለ ማሽን ስፋቱ 21.9 ሚሊሜትር ሲሆን፣ 33 ሚሊሜትር ገደማ ለሆነው ቀፎ ልኩ ነበር። በ5119 ቀፎው ወደ 36 ሚሊሜትር ሲያድግ ማሽኑ ያው 215 ሆኖ ቀረ። ክቧ ባለችበት ቆማ የገጹ ዳር ብቻ ከእርሷ ስለራቀ ወደ መሃል የተጠጋች መሰለች፤ ትከሻው ሰፍቶለት ኪሱ ግን ከቀድሞ ቦታው ያልተነሣ ኮት ማለት ነው።

ለ6119 ግን ከቀፎው በፊት የታሰበበት ማሽኑ ነው። 30-255 ፒኤስ የሚባለው አዲሱ ማሽን 31 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ውፍረቱ ግን እንደ 215ቱ 2.55 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በተገኘው ስፋት ሁለት ሞላዎች ስለገቡበት፣ አንድ ጊዜ ሲሞላ 44 ሰዓት ይሠራ የነበረው አሁን 65 ሰዓት ይሠራል። ሰዓት ሲያስተካክሉ ማስተካከያውን ከሳቡት የሰከንድ ቆጣሪው ይቆማል። የሰከንዷም ክብ ወደ ዳር ወርዳ ሰፋ ብላለች። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህን ሁሉ ጨምረው ማሽኑን አንዲት ነጥብ እንኳ አለማወፈራቸው ነው፤ ቀጭን ሰዓት የሚፈታ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቀዋል።

ነጭ ገጽ፦
የማሽኑን ነገር በሚገባ ስላስረዱን አመሰግናለሁ፤ በቁጥሮቹ ጉዳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ 3919ን ለዓመታት አስሬዋለሁ። ነጭ ገጽ ላይ ያረፉት ቀጫጭን ጥቁር የሮማን ቁጥሮች፣ ቅጠል የሚመስሉት ቆጣሪዎች፣ ማሰሪያውን የሚይዙት ቀጥ ያሉ ቀጫጭን እግሮች አንድ ላይ ተዋድደው ያንን ሰዓት ከሩቅ ያስለዩት ነበር። በ6119 ቁጥሮቹ ጠፍተው ባለ ብዙ ገጽታ የወርቅ ምልክቶች ገብተዋል፣ እግሮቹም ጎብጠዋል። እነዚህ ለውጦች በ1932 ከወጣው ከመጀመሪያው ካላትራቫ፣ ከ96 ቁጥር የተወሰዱ መሆናቸውን አውቃለሁ። 96 የስተርን ወንድማማቾች ፓቴክ ፊሊፕን በገዙበት ዓመት የወጣ በመሆኑ ለቤቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ስለዚህ አዲሱ ሰዓት ክፈፉን ከ3919፣ ቀሪውን ከ96 የወረሰ ነው ማለት ይቻላል። ያምራል፤ የ3919 ምትክ ነው ለማለት ግን አፌ አይታዘዝልኝም።

ማሰሪያ፦
መጠኑን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የ6119 ስፋት 39 ሚሊሜትር ነው ሲባል ሰምታችሁ አትሽሹ። ክፈፉ በፒራሚዶቹ ስለተሞላ ዓይን የሚያርፈው በውስጠኛው ገጽ ላይ ነው፤ ስለዚህ ክፈፉ ልሙጥና ጠባብ ከሆነ ሌላ 39 ሚሊሜትር ሰዓት ያነሰ ይመስላል። በነጭ ወርቅ የመጣው ገጹ ጥቁር ግራጫ ስለሆነ ደግሞ ባለ ሮዝ ወርቁ ከሚመስለውም ያንሳል። የእጅ አንጓዬ ቀጭን ቢሆንም ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ያለ ችግር ገብቶልኛል።

ቀጠሮ አክባሪ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ወደ ሱቁ ተመልሼ፣ ከነጭ ወረቀት መሃሉ በክብ የተቆረጠ ቀለበት ሠርቼ የ5119ን ክፈፍና የገጹን ዳር ሸፈንኩበት። የሰከንዷ ክብ ወዲያው ቦታዋን ያዘች። ወረቀቱን ባነሣሁት ቁጥር ወደ መሃል ትሸሻለች። ሻጩም ወረቀቱን ተቀብሎኝ እየሸፈነና እየገለጠ ሲያይ ቆየ።