ለድንጋዩም፣ ለጥይቱም፣ ለጦሩም የሚሆን አንድ የጋራ ስም አለን?

ጥያቄ (ጠያቂዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሆን አጭር የፊዚክስ ቪዲዮ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ርዕሱ በእንግሊዝኛው «ፕሮጀክታይል» የሚባለው ነው። ተወርውሮ ወይም ተተኩሶ ከተለቀቀ በኋላ በራሱ አየር ላይ የሚሄድ ነገር ማለት ነው። ልጆቹ ቀመሩን ይሸመድዱታል፣ ነገሩ ግን አይገባቸውም። ለዚህ ነው በአማርኛ ላስረዳ ያልኩት።

ቃሉ ላይ ስደርስ ተያዝኩ። «ተወንጫፊ» ስል እህቴ ሚሳኤል መሰላት። «ተተኳሽ» ብል ጥይት ነው የሚመስለው። «ተወርዋሪ» ብል ደግሞ ኮከብ። የትኛው ይሻላል? በየሙያችሁ በተለምዶ ምን እንደሚባልም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (የማማው ልጅ)

እህቴ፣ «ተወንጫፊ» ከወንጭፍ የመጣ ነው እንጂ ሚሳኤል ያመጣው አይደለም። እኛ አገር ማሽላ ሲያሽት ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። ወንጭፉ ሁለት ገመድ አለው፣ መሀሉ ድንጋይ መያዣ ነው። አንዱን ጫፍ ጣትህ ላይ ታጠልቃለህ፣ ሌላውን ትይዛለህ፣ ታሽከረክርና አንዱን ትለቃለህ። ለቪዲዮሽ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ክቡን ተከትሎ አይዞርም። በተለቀቀባት ቅጽበት ወደየት እየሄደ ከነበረ ወደዚያው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል። ቶሎ የለቀቀ ልጅ ከወፉ ይልቅ ጓደኛውን ይመታል።

የከተማ ልጆች በባላና በላስቲክ የሚሠሩትንም ወንጭፍ ይሉታል። እሱ ግን የሚያስፈነጥር ነው፣ አይሽከረከርም።

መልስ (ጡረተኛው ምድብተኛ)

«ተተኳሽ»ን ተይው ልጄ። በሠራዊት ቤት ተተኳሽ ማለት የሚተኮሰው ሁሉ ነው፤ ጥይቱም፣ የመድፉም፣ የሞርታሩም። ፖሊስም «መሣሪያ ከነተተኳሹ ተያዘ» ይላል። የፊዚክስ ተማሪ ኳስ ተተኳሽ ናት ስትዪው ይስቃል። ደግሞ ሸሚዝም ይተኮሳል፣ ጸጉርም ይተኮሳል።

ክፍሎቹን ግን አታደባልቂ። ሰው ሁሉንም «ጥይት» ይላል። በርሮ የሚሄደው አረሩ ነው። ቀለህ ባዶው ቆርቆሮ ነው፣ እዚያው እግርሽ ሥር ይወድቃል። ቦምብ ሲፈነዳ የሚበተነው ደግሞ ፍንጣሪ ይባላል። በአንቺ ትምህርት ከሄድን አረሩም ፍንጣሪውም ይገባሉ።

ምሳሌ ከፈለግሽ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን የሴባስቶፖልን ምስል አሳያቸው። ዋናው ጋፋት ተሠርቶ መቅደላ የወጣው ነው፣ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ሕዝቡ መድፍ ይለዋል፣ አሠራሩ ግን የሞርታር ነው። አፈሙዙ አጭርና ሰፊ ነው፣ ወደ ላይ ያያል። ወደ ላይ አጉኖ ከላይ ለመጣል የተሠራ ነው።

መልስ (ሜዳ ተግባር)

አትሌቲክስ ላይ ችግር የለም፤ ሁሉም ውርወራ ነው። ጦር ውርወራ፣ አሎሎ ውርወራ፣ ዲስከስ ውርወራ። አሎሎው ለወንዶች 7.26 ኪሎ፣ ለሴቶች 4 ኪሎ ነው። ጦሩ ለወንዶች 800 ግራም፣ ለሴቶች 600 ግራም።

አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉ ሩቅ የሚሄደው በ45 ዲግሪ የተለቀቀው ነው ይላል። አሎሎ ወርዋሪ ግን ከዚያ ዝቅ አድርጎ ነው የሚለቀው። አሎሎው ከትከሻ በላይ እንጂ ከመሬት አይነሳም፣ ሰው ደግሞ ወደ ላይ ሲገፋ ጉልበቱ ይቀንሳል። ተማሪ ይህን ጥያቄ ይወደዋል።

መልስ (የዜና ተርጓሚ)

በዜና ክፍል የምንለያቸው በግሡ ነው። ጥይትና መድፍ ይተኮሳል። ሚሳኤል ይወነጨፋል። ሳተላይት ይመጥቃል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ወደ ህዋ ስትሄድ «መጠቀች» ነው የተባለው፤ «ተወነጨፈች» ብንል ኖሮ ሰው ይደነግጥ ነበር። ሮኬት መሀል ላይ ነው፤ ጦርነት ከሆነ ይተኮሳል፣ ህዋ ከሆነ ይመጥቃል።

ስለዚህ እህትሽ አልተሳሳተችም። ዛሬ «ተወንጫፊ» የሚለውን የሚሰማ ሰው ቀድሞ የሚታየው ሚሳኤል ነው። «ተወርዋሪ»ም ከኮከቡ ሌላ «ተወርዋሪ ጦር» የሚል አለው፤ ፈጥኖ የሚደርስ ኃይል ማለት ነው።

«ፍላጻ»ን ለቀስቱ እንዳታስቢው። መዝሙር 90 ላይ «በቀን ከሚበርር ፍላጻ» እያለ የደገመ ሁሉ ያውቀዋል፣ በወሬ ግን የሚለው የለም። ሰው ደጋኑንም የሚወረወረውንም «ቀስት» ነው የሚለው።

መልስ (ቲቸር 9.8)

እኔ ክፍል ውስጥ በቃሉ አልጨቃጨቅም። መጀመሪያ «የተወረወረ ነገር» እላለሁ፣ ሁሉም ይገባዋል። ከዚያ መስፈርቱን አስቀምጣለሁ፦ ከተለቀቀ በኋላ የሚገፋው ሞተር የለውም፤ የሚሠራበት ክብደቱና አየሩ ብቻ ነው። አየሩንም ለጊዜው እንረሳዋለን። የወንጭፍ ድንጋይ፣ አሎሎ፣ አረር፣ ቅጣት ምት፣ ሁሉም ያልፋሉ። ሮኬት ሞተሩ እየነደደ ከሆነ አያልፍም። ባሊስቲክ ሚሳኤል ነዳጁን መጀመሪያ ላይ ጨርሶ የቀረውን መንገድ እንደ ድንጋይ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከፊሉ ያልፋል። ክሩዝ ሚሳኤል ሞተሩ እስከ መጨረሻው ስለሚገፋው አያልፍም።

በ30 እና በ60 ዲግሪ በእኩል ፍጥነት የተወረወሩ ሁለት ድንጋዮች እኩል ርቀት ላይ እንደሚወድቁም አሳያቸው። አንዱ ዝቅ ብሎ ቶሎ ይደርሳል፣ ሌላው ከፍ ብሎ ይዘገያል። ጋሼ ያሉት ሞርታር ሁለተኛው ነው።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። በንግግር «የተወረወረ ነገር» እላለሁ፣ በጽሑፍ አንዴ «ተወንጫፊ» አስገባና ከወንጭፉ ጋር አያይዘዋለሁ። ጋሼ፣ ሴባስቶፖልን ሄጄ እቀርጸዋለሁ። ድሮንስ ግን? ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም።

መልስ (ቲቸር 9.8)

ሞተሩ እስከሠራ ድረስ አይደለም። አየር ላይ ከጠፋበት ግን ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ነው። የእንግሊዝኛውንም ቃል ስክሪኑ ላይ በትልቁ ጻፊላቸው፤ ፈተናው የሚመጣው በሱ ነው።