ሳይጠማቸው ውኃ የማይጠጡ እናት እና የአዳማ ሙቀት

ጠያቂ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ 74 ዓመታቸው ሲሆን የሚኖሩት አዳማ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። እኔ አዲስ አበባ ስለምሠራ የማያቸው በየ15 ቀኑ ነው። ባለፈው ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ስደርስ፣ አቧራውን ፈርተው መስኮቱን ዘግተው፣ ጋቢ ደርበው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ስለሚጾሙ እህል ከቀመሱ 2 ሰዓት አልፏል፤ አጠገባቸው ያለው ጆግ ግን ጠዋት እንደተሞላ ነበር። ሊቀበሉኝ ሲነሡ አዞራቸውና የበሩን መቃን ያዙ። ውኃ እንዲጠጡ ስለምናቸው «ሳይጠማኝ ምን ብዬ?» ይሉኛል። የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ 1 (ነርስ ነኝ)፦
እናትዎ አልጠማኝም ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ እልኸኝነት አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል፣ ኩላሊትም ውኃ ቆጥቦ የማስቀረት ዐቅሙ ይቀንሳል፣ ላብም እንደ ወጣትነት አይወጣም፤ ስለዚህ ጥማት ለእርሳቸው መለኪያ ሊሆን አይችልም። በቅድሚያ የመድኃኒቱን ስም ይመልከቱ። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ የሚያሸና መድኃኒት ከሆነ ውኃና ጨው ከሰውነት ስለሚያስወጣ፣ ሙቀቱ ሲጨመርበት ከመቀመጫ ሲነሡ ግፊታቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። ይህን ሰምተው ግን መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያስቆሙ፤ ግፊታቸው ተቀምጠውም ቆመውም ይለካና ሐኪማቸው ይወስን። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለባቸው ጥቂት ጥቂት እያሉ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፤ ሐብሐብና ሾርባም ይቆጠራሉ። ቡናቸውን አይከልክሏቸው፤ እሱም ውኃ አለበት፣ ደግሞም ቡና የተከለከሉ እናት ሌላውን ምክር አይሰሙም።

መልስ 2፦
የውኃው ነገር እንዳለ ሆኖ እኔ የምፈራው ቤቱን ነው። አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለምትገኝ በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮው ሲግል፣ ኮርኒስ ከሌለ ግለቱ በቀጥታ አናት ላይ ይወርዳል፤ ከቀትር በኋላ ክፍሉ ከደጁ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የክፍል ሙቀት ቀን ከ32፣ ሌሊት ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲሆን ይመክራል። እኛ ኮርኒስ እስክናሠራ ድረስ የአባቴን ወንበር ከ6 እስከ 10 ሰዓት ማንጎው ጥላ ሥር እናወጣ ነበር። መስኮቱን ማታና ማለዳ ክፈቱት፤ ለአቧራው እርጥብ መጋረጃ ይበቃል።

መልስ 3፦
ስለ ጾሙ ከእናትዎ ጋር አይከራከሩ፤ የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማንና ለአረጋውያን ጾሙን ታቀልላለች። እናቴ የሦስት ልጆቻቸውን ልመና እንቢ ብለው፣ ካህኑ «መድኃኒትዎን ጠዋት በውኃ ይውሰዱ» ባሏቸው ማግስት ያለ ክርክር ጠጡ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በስልክ ብቻ ሳገኛቸው ሁኔታቸው መባባሱን በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ 1፦
ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ሚካኤልንና ማርያምን ሳያስቡ የማይውሉ እናት ዕለቱን ካምታቱ፣ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ወይም አብሯቸው ያለው ሰው ገላቸው ይፋጃል ካለ፣ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ግራ ለተጋባ ሰው ውኃ በአፍ አይሰጥም፣ ትን ሊለው ይችላልና፤ ልብሳቸውን አቅልሎ ገላቸውን በቀዝቃዛ ውኃ እያራሱ ማራገብና ወዲያውኑ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ነው። እርስዎ አዲስ አበባ ስለሆኑ የቅርብ ጎረቤታቸውን ስልክ ቁጥር ከአሁኑ ይያዙ።