የጃፓን የጦርነት ፊልም ፖስተር፦ «የ1942 ነው» ተብዬ ገዛሁ፣ እንዴት ላጣራ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኢንተርኔት ጨረታ አንድ ፖስተር ገዛሁ። ሻጩ «የጃፓኑ ፊልም ኩባንያ ቶሆ በ1942 ሃዋይ ስላለው ፐርል ሃርበር ጥቃት የሠራው ፊልም ነው፣ ፖስተሩም የዚያው ጊዜ ኦሪጅናል ነው» አለኝ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ባለ ቀለም ነው፤ አንድ የባሕር ኃይል መኮንንና አውሮፕላኖች አሉበት። ልኩ 51 በ73 ሴንቲ ሜትር ነው። ጃፓንኛ አላነብም። ፎቶውን አያይዣለሁ።

የወረቀት ወዳጅ፦
ልኩ ደህና ነው፤ ቢ2 የሚሉት መደበኛ ልክ 51.5 በ72.8 ነው። ግን ዛሬም በዚያው ልክ ይታተማል፣ ስለዚህ ብዙ አትመካበት። ይልቅ አግድም የተጻፈውን እይ። በጦርነቱ ጊዜ አግድም ጽሑፍ በአብዛኛው ከቀኝ ወደ ግራ ነበር። ርዕሱ «ሃዋይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የጃፓንኛዋ «ሃ» (ハ) እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው ትመስላለች። በየትኛው ጫፍ ናት? በግራ ከሆነች ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ ነው ማለት ነው፣ የ1942 መሆኑን ያጠራጥራል።

ቶኪዮ ያለሁት፦
ኧረ ፊቱን እዩት! ታዋቂው የጃፓን ተዋናይ ሚፉኔ ቶሺሮ እኮ ነው። እሱ ፊልም የጀመረው በ1947 ነው፣ ታዲያ በ1942 ምን ሊሠራ? ቶሆ ስለ ፐርል ሃርበር ጥቃት የሚያሳዩ፣ የሚምታቱ ሁለት ፊልሞች አሉት። የ1942ቱ ያማሞቶ ካጂሮ ያዘጋጀው፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ሌላው የ1960 ነው፣ ባለ ቀለም። የሁለቱም ርዕስ በ«ሃዋይ» ይጀምራል፤ የሁለቱንም ስፔሻል ኢፌክት የሠራው በጎድዚላ ፊልም የታወቀው ጹቡራያ ኤይጂ ነው። ሻጩ ተምታቶበት ይሆናል። ወይም አውቆ ነው።

ጠያቂ፦
ገንዘቤ ተበላ በሉኛ?

የወረቀት ወዳጅ፦
አይዞህ። የ1960ውም እውነተኛ ከሆነ ጥሩ ዕቃ ነው፤ የ1942 ዋጋ መክፈልህ ነው የሚያናድደው። በማጉያ መነፅር ቀለሙን እይ። የማተሚያ ቤት ነጠብጣብ በሥርዓት ይደረደራል፤ የቤት ፕሪንተር ግን እንደ ርጭት ይበታተናል። ብር የሚፈተሽበት የአልትራቫዮሌት መብራት ለጦርነቱ ዘመን ወረቀት ይጠቅማል፦ በሰማያዊ ካበራ ከጦርነቱ በኋላ የተለመደ የወረቀት ማንጫ አለበት ማለት ነውና ጠርጥር። ለ1960 ግን ብዙ አይፈርድም።

ቶኪዮ ያለሁት፦
«ሾዋ» (昭和፣ የጃፓን ዘመን አቆጣጠር) የሚል ዓመት ካገኘህ 1925 ደምርበት፤ ሾዋ 35 ማለት 1960 ነው። ለእኛ ዘመን መቁጠር ብርቅ አይደለም። እዚህ ቶኪዮ፣ ኪዮባሺ ሰፈር ያለው የጃፓን ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት ቤተ መጻሕፍትም አለው፤ የዘመኑን የፊልም መጽሔቶች ፈልግበት።

ሌላ አባል፦
እባክህ ስኮች እንዳትለጥፍበት! ላሚኔትም እንዳታደርገው። እኔ አንዱን በዚህ አበላሽቻለሁ።

ጠያቂ፦
«ሃ» በግራ ጫፍ ናት። ለሻጩ ጽፌለታለሁ፤ አንብቦታል፣ መልስ ግን የለም።